እንቁላል በሁዳዴ

የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል። እናት ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በማንኪያ ታበላዋለች። ልጁ ጉንጩ ተነፍቶ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፣ ሳህኑ ራሱ የሚስቅ ነው የሚመስለው። አባት የለበትም። ፎቶውን ያነሳውን ሰው ባገኘው አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፦ እናትየው ዐረብ አገር ስትሄድ ማንኪያውን የሚይዘው ማነው? አንተ ትመጣለህ?

የኔዋ ሄደች። ጥምቀት እንዳለፈ አዘዞ ኤርፖርት ድረስ በገዛ ባጃጄ አድርሼ ሸኘኋት። ልጃችን ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም፤ እናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ስለ ናፍቆት ምናምን የምታወራኝ መስሎኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ ተዘጋጅቻለሁ። እሷ ግን "ጠዋት ሳታበላት እንዳትወጣ። ጠዋት ካልበላች ማታም አትበላልህም፣ አደራ" አለችኝና ልጅቷን እጄ ላይ አስተኝታ ገባች። ዞር ብላ እንኳ አላየችንም። ዞር ብትል እንደማትሄድ አሁን ነው የገባኝ።

እሺ ብያት ነበር። ልጅ ማብላት ምን አለው? ሦስት ወፍራም ሰው ጭኖ ከአዘዞ አራዳ ዳገቱን የሚወጣ ሰው አንዲት ፍሬ ልጅ ታሸንፈዋለች?

አሸነፈችኝ። አጥሚት ሠራሁ፣ ከንፈሯን ገጠመች። ገንፎ ሠራሁ፣ ከንፈሯን ገጠመች። ገንፎው የኔ ስለሆነ ትንሽ አልፈርድባትም፣ ድንጋይ ነበር። ሙዝ ልጬ ሰጠኋት፣ ይዛው ዋለች፣ እጇ ላይ ጠቆረ። አውሮፕላን ነው ብዬ እጄን በአየር ላይ አዞርኩላት፣ ፎቶው ላይ እንዳለችው ሴትዮ ሳቅኩላት፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኩ። ዝም ብላ ታየኛለች። አፍ አፌን ነው የምታየው። ለምን አፌን እንደምታይ ግን አልጠየቅኩም፤ ስናደድ አፌ ስለሚጣመም ነው ብዬ ተውኩት። ቀን ቀን አከራዬ ዘንድ ከልጆቻቸው ጋር ትውላለች፣ እዚያም ዳቦ ቆረስ አድርጋ ትተዋለች። ማታ ስገባ ብቻ፣ እኔ ሽሮዬን ስበላ፣ ከትሪዬ ላይ ሁለት ሦስት ጉርሻ ትቀበለኛለች። ሽሮ ትወዳለች ማለት ነው ብዬ ጠዋትም ሽሮ ሠራሁላት። ከንፈሯን ገጠመች።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመዘንኳት። መዛኟ ወጣት ልጅ ናት፣ ሚዛኑን አየች፣ እኔን አየች።

"ምንድነው የምትበላው?"

"ሽሮ። እሱንም ማታ።"

"ሽሮ ብቻ አይበቃትም። እንቁላል ስጣት፣ ወተት ስጣት።"

"በጾም?"

"ልጅ ምን ጾም አለባት?"

እውነቷን ነው፣ ሕፃን አይጾምም። ይሄን ቄሱም ያውቃል፣ አከራዬም ያውቃሉ፣ እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩትም አውቃለሁ። ችግሩ ልጅ አይጾምም እንጂ ድስት ይጾማል። እንቁላል የነካው ድስት ሽሮ አይሠራበትም፣ ማንኪያው፣ ጭልፋው፣ የታጠበበት ውሃ ሳይቀር ያስገድፋል። አንድ ድስት ያለው ቤት ውስጥ ታዲያ ልጅም ወዳ ሳይሆን በግድ ትጾማለች። ለአከራዬ ስነግራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ምነው ልጄ! በኔ ድስት?"

"ለልጅቷ ነው እትዬ።"

"ለልጅቷ ይሁን፣ አትብላ አልኩ እንዴ? ግን የኔን ዕቃ ምን በወጣው አስገድፈዋለሁ? ማዕድ ቤቴ እንዳታስገባብኝ። ደጅ ሥራ። ከነፋሱ ወዲያ ማዶ።"

አልቀየምኳቸውም። ልጄን ቀኑን ሙሉ የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው፣ ልባቸው ሸጋ ነው፣ ድስታቸው ነው ክፉ። የሳልሳ ቆርቆሮ አጥቤ፣ ባጃጇ አጠገብ ከሰል አያይዤ እንቁላል መቀቀል ጀመርኩ። መንገደኛው ያየኛል። አንዱ ጓደኛዬ ባጃጁን አቁሞ "ሆቴል ከፈትክ እንዴ?" አለኝ። "አዎ፣ አንድ ደንበኛ አለችኝ፣ እሷም አትበላም" አልኩት። አልዋሸሁም። ልጥኩላት፣ ከንፈሯን ገጠመች። እሷ አትበላው፣ እኔ አልበላው በጾም፤ በዚያ ሰሞን ከቤቱ የወፈረችው የአከራዬ ድመት ናት።

እኔ ያደግኩት ከዳባት በላይ፣ ብርድ አጥንት በሚገባበት ደጋ ነው። እዚያ ቤት ልጅ አይበላም፣ ይቆማል። አያ ነበር አባቴን የምለው። አያ ከእርሻ ይገባል፣ እኔ እጁን አስታጥበዋለሁ፣ ትሪው ይቀርብለታል፣ እኛ ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈን ቆመን እጁ ወደ አፉ ሲመላለስ እናያለን። ማንም አይናገርም። በኋላ "ተመስገን" ብሎ ትሪውን ገፋ ያደርጋል፣ ያኔ እንደ አሞራ እንወርድበታለን። ከወጡም ከእንጀራውም ሁሌም ይተርፍ ነበር። እናቴ "ጠግቦ መሰላችሁ? አስቀርቶላችሁ ነው" ትለናለች። እኔ ግን ያበሳጨኝ ነበር። አሁንም ያበሳጨኛል። አስቀርተህልኝ ከሆነ ለምን አብሬህ አታስቀምጠኝም? አንተን ቆሜ የማይበትን ሰዓት ለምን አብሬህ እንድበላበት አልሰጠኸኝም? ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር። ሞቷል።

አንዴ ብቻ አብረን በልተናል። እናቴ እህቷ ወልዳ ልትጠይቅ ሄዳ፣ እኔና አያ ብቻችንን አውድማ ላይ ነበርን። ምግብ መሥራት አይችልም፣ እኔም አልችልም። የገብስ በሶውን በውሃ ለወሰ፣ መዳፉ ውስጥ ጨብጦ ጨብጦ ድብልብል አደረገው፣ አንዱን ለራሱ ጎረሰ፣ አንዱን ለኔ አጎረሰኝ። ጎረሰ፣ አጎረሰኝ። እጁ ላብና ገለባ ገለባ ይላል። ስለ በሬዎቹ አንድ ነገር አወራኝ፣ ምን እንደሆነ ረስቼዋለሁ። ናፍቆት የሚሉት ነገር ለኔ ያ ነው። ሰው የሠርጉን ቀን ይናፍቃል፣ እኔ በሶ።

አማቴ ከአይከል የመጡት በዚህ መሃል ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ብለው። ማን እንደነገራቸው አላወቅኩም፤ አከራዬን ጠርጥሬ ነበር። ገና ሳይቀመጡ ልጅቷን አንስተው በእጃቸው ከፍ ዝቅ አደረጓት፣ በግ እንደሚገዛ ሰው።

"ላባ አደረጓት" አሉኝ።

አማቴ አንቱ ነው የሚሉኝ፤ የአገሩ ወግ ነው፣ አማች ይከበራል። ስለዚህ የሚሰድቡኝም በአንቱታ ነው። ሰው እንዲህ እየተከበረ ሲዋረድ እኔን ነው ያየሁት።

"አትበላም እማማ። ምን ላድርግ?"

"ምን ያደርጋሉ? ወንድ ነዎት። ወንድ ልጅ ያበላል? በሬ ያበሉ። ሰጥተውኝ ልሂድ፣ እኔ እግታታለሁ።"

መጋት ምን እንደሆነ አይቻለሁ። ልጁን ጭን ላይ አጋድሞ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ ወተቱን በመዳፍ ጉሮሮው ውስጥ ማንቆርቆር ነው። ልጁ ትንፋሽ ሲያጥረው ይውጣል። ያደግነው ሁላችንም እንዲያ ነው፣ አልሞትንም። ግን እኔ ልጄ አፍንጫዋ ተይዞ ስትንፈራገጥ በዓይኔ መጣብኝ።

"አይሆንም" አልኩ።

"እሺ" አሉ ቁጭ ብለው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "እስከ ደብረ ዘይት ያብሏት። ለደብረ ዘይት ዋዜማ እመጣለሁ። ያኔ አፏን ከፍታ ስትበላ ካላየሁ፣ ይዣት እሄዳለሁ። እናቷም ትስማማለች፣ እደውልላታለሁ።"

ሚስቴ ዐረብ አገር ናት። ልጄ ደሞ አይከል ከሄደች፣ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ነው፣ መቼ አያታለሁ? ያቺ አንድ ክፍል ውስጥ ከማን ጋር ነው የምቀመጠው? ከድመቷ ጋር? አባት የሚባለው ስም ራሱ ልጁ ቤት ስትኖር እኮ ነው።

ያን ሳምንት ያላደረግኩት የለም። እንቁላሉን በሹካ ፈጭቼ ድንች ውስጥ ደበቅኩት። የጎረቤት ልጆች ጠርቼ ሳህኑ ዙሪያ አስቀመጥኳቸው፣ እነሱ ጠራርገው በሉት፣ እሷ እነሱን ትታ እኔን ታያለች። ወተት ጠጪ ብዬ ኩባያውን ከንፈሯ ላይ ሳስጠጋ በምላሷ ነክታው ፊቷን አዞረች። አንድ ጠዋት እጄ አፍንጫዋ ላይ ሊሄድ ተነስቶ አየሁት። መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ሐሙስ ቀን ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ሰልፉ እንደ ልማዱ አልቆ የማያልቅ ነው፣ ባጃጇን አጥፍቼ እየገፋሁ ነው። ሚስቴ በቪዲዮ ደወለች። ማዳሟ ስትተኛ ነው የምትደውለው። ዓይኗ ቀልቷል።

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም። ማዳም ጮኸችብኝ።"

"ምን አድርገሽ?"

"ልጇን ሳበላ ማንኪያውን ወደ አፌ አስጠጋሁት። ሳላስበው እኮ ነው። ቀመስ አድርጌ ልሰጠው። በሽታ ልታስይዢብኝ ነው ወይ አለችና ማንኪያውን ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው።"

ደሜ ፈላ። ስልኩ ውስጥ ገብቼ ማዳሟን ብይዛት ምን እንደማደርጋት ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ ዘረዘርኩ። ከኋላዬ ያለው "ወንድሜ፣ ስድቡን ይዘህ ትንሽ ገፋ በል" አለኝ። ገፋሁ።

"ቆይ ግን" አልኳት፣ ንዴቴ በረድ ሲል፣ "አንቺስ የሰው ልጅ ምግብ ምን ያስቀምስሻል? አያበሉሽም እንዴ?"

"አንተ ደሞ! ካልቀመስኩለት እንዴት ይበላል? ልምድ ነው። የኛዋን አላየህም? እኔ ቀድሜ ሳልጎርስ መቼ አፏን ከፍታ ታውቃለች?"

አላየሁም። ቀድሜ ወጥቼ አምሽቼ የምገባ ሰው ነኝ፤ ልጄ ጠዋት ስትበላ አይቼ አላውቅም። ባጃጇን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ማታ ማታ የምትቀበለኝ ሽሮ ትዝ አለኝ። አፌን የምታየው ትዝ አለኝ።

"ሁሉንም ነው የምትቀምሺላት?"

"ሁሉንም።"

"እንቁላሉንም?"

"አዎ።"

"ባለፈው ሁዳዴስ?"

ኔትወርኩ የሄደ መሰለኝ፣ ግን ዓይኗ ይርገበገባል። ይቺ ሴት በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፏ የማይዞር፣ እኔን ራሱ "ጠዋት ሻይ ጠጣህ" ብላ የምታኮርፈኝ ሴት ናት።

"ለእናቴ እንዳትነግራት" አለችኝ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ምን ላድርግ? እያየችኝ" አለች።

በማግስቱ ጠዋት እንቁላሉን ቀቀልኩ። እኔ ከሃይማኖቱ የያዝኩት ነገር ብዙ አይደለም። አላስቀድስም፣ ምላሴም ንጹሕ አይደለም። ጾሙን ግን ይዣለሁ፤ እናቴ ያስያዘችኝ እሱን ነው፣ ከሷ የቀረኝም እሱ ነው። ልጄን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት። አርብ ነው፣ ደሞ አርብ! የእንቁላሉን ጫፍ ቆርሼ ጎረስኩ። አፌ ውስጥ ቆየ። ሳይጣፍጥ አልቀረም፣ እሱ ነው የባሰው። አኘኩ፣ ዋጥኩ።

አፏን ከፈተች።

አልሳቀችም። ለወራት ሲንኳኳ የከረመ በር ዝም ብሎ ከውስጥ እንደተከፈተ ነው። አጎረስኳት፣ አኘከች፣ መልሳ አፌን አየች። ጎረስኩ፣ አጎረስኳት። ሁለት እንቁላል ጨረስን። አከራዬ በመስኮት እያዩኝ ነበር፤ ዓይናችን ሲገጥም መጋረጃውን ሳብ አደረጉት። እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሱልኝም።

አማቴ ግን ቅዳሜ ሳያንኳኩ ገቡ። በገለባ የተጠቀለለ እንቁላል በቅርጫት ይዘው፣ ለገበያ። እኔ ቆርቆሮዬ አጠገብ ተቀምጬ አፌ ሙሉ ነው።

"ምንድነው የሚበሉት?"

ዋጥኩ። "እንቁላል።"

"በሁዳዴ?"

"በሁዳዴ።"

አማተቡ። አንድ ጊዜ ደገሙት። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጄ ቀድማ ከፈተች፣ ወደኔ፣ እንደ ወፍ ጫጩት። አጎረስኳት። አያቷ ፊት አኘከች፣ ዋጠች፣ እንደገና ከፈተች። አማቴ ቅርጫቱን መሬት አስቀመጡና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ።

"ልጄም እንዲህ ነበር የምታደርገው?" አሉኝ።

"ኧረ እሷ! እሷማ አታደርገውም። እኔ ነኝ ያመጣሁት። የኔን ነገር ያውቁት የለ።"

አተኩረው አዩኝ። "ሲዋሹ ጆሮዎ ይቀላል" አሉ።

ልጄ የእጄን ጀርባ መታችኝ፣ ቀጥል ለማለት።

"እኔ አልችልም" አሉ አማቴ፣ እኔን ሳይሆን መሬቱን እያዩ። "ልውሰዳት ብዬ ነበር የመጣሁት፣ ልብሷን የምከትበት ማዳበሪያ ሁሉ ይዣለሁ። ግን አልችልም። በዚህ ዕድሜዬ ሁዳዴን አልገድፍም፣ ለሷም ብዬ ቢሆን። አፏን ከፍታ ስትበላ ካየሁ በኋላ ደሞ እጄ አፍንጫዋን ለመያዝ አይነሳም። እዚሁ ትቆይ።"

"እማማ..."

"ዝም ይበሉ። ንስሐዎን ከነፍስ አባትዎ ጋር ይጨርሱ። እኔ ምንም አላየሁም።" ተነሡና ነጠላቸውን አጣፉ። ቅርጫቱን አላነሱትም። "ገበያው ዛሬ አይረባም" አሉ፣ ገና ሳይደርሱበት።

መናኸሪያ አደረስኳቸው። ልጄ ከኋላ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው በመስኮቱ "ጨው ትንሽ ነስነስ ያድርጉበት፣ እናቷም ጨው ትወድ ነበር" አሉኝ። ሲሄዱ ልጄ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ፊቴን ወደ መንገዱ ያዞርኩት፣ አቧራው ነው።

ከሰዓት ሚስቴ ደወለች። "ትቆያለች" አልኳት። እንዴት፣ ማን አለ፣ ምን አለች ብላ አልጠየቀችም። "አሳየኝ" ብቻ አለች። ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ሳህኑን አቀረብኩ። ጎረስኩ፣ አጎረስኩ። ልጄ ታኝካለች፣ እናቷ ማዶ ሆና ታያለች። ልብ ብዬ ሳያት አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ልጅቷ ስትከፍት ይከፈታል፣ ልጅቷ ስታኝክ ያኝካል፣ እሷ አላወቀችም። ባዶ አፍ።

"አንቺስ በላሽ?" አልኳት።

"እበላለሁ፣ ማዳም ስትነሳ" ስትል ኔትወርኩ ያዘው። ምስሉ ቆመ፣ አፏ ግማሽ እንደተከፈተ። ልጄ ስልኩን ታያለች፣ እኔን ታያለች።

ጉርሻው እጄ ላይ ነው። ስልኩን አልዘጋሁትም።